የማያፏጭ ጀርባ

ጸጋዬ ጢሙን እየተላጨ ሳለ ስለ ራሱ ሞት ሲወራ ሰማ። የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ስስ ነው፤ ማዶው ወጥ ቤቱ ነው። ልጁ ብሩክታይት ስልኳን ስፒከር ላይ አድርጋ ዕቃ ስታጥብ የደዋዩም ድምፅ አብሮ ይሰማል። የደወለው የእህቱ ልጅ ኃይሉ ነበር፣ ከአሜሪካዋ አሌክሳንድሪያ።

«አባዬን ምንም ነገር እንዳታሸክሙት፣ አደራ» አለች ብሩክታይት።

«ለቤተ ክርስቲያኑ ማኅበር ልጆች ተናግሬያለሁ። በሩ አጠገብ፣ አየር የሚያገኝበት ቦታ ወንበር ይይዙለታል።»

«እኔ እኮ ይሄን ዊንተር የሚያልፍም አይመስለኝ።»

«ኧረ ተይ፣ አታሟርቺ» አለ ኃይሉ። «ቆይ ግን፣ ላይፍ ኢንሹራንስ አለው አይደል?» አለ።

የቧንቧው ውሃ ቆመ። «አታፍርም አንተ?» አለች ብሩክታይት። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ያለው ይመስለኛል» አለች።

ጸጋዬ ምላጩን ውሃ አስነክቶ የቀረውን ጉንጩን ላጨ። መስተዋቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ የሚሞት አይመስልም። ጉንጩ ሞልቷል። እንደ ከሰል ጠቁሮ የነበረው ከንፈሩ ዳር ዳሩን መቅላት ጀምሯል። ድሮ አንድ ጉንጩን ሳይጨርስ ሳሉ ይነሳበትና ምላጩን አስቀምጦ ገንዳው ላይ ይጎነበስ ነበር። አሁን ተላጭቶ ጨረሰ። ወጥቶ «ደህና ነኝ እኮ» ሊላት ይችል ነበር፤ አላላትም። ፊቱን አደራርቆ ነጭ ልብሱን ሊለብስ ሄደ። ዕለቱ የኅዳር ሚካኤል ንግሥ ነው።

የሚያድረው ዴን በሚሉት መስኮት አልባ ክፍል ውስጥ ነው። የብሩክታይት አፓርታማ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነው፤ ባለ አንድ መኝታ ነው፤ ኪራዩ ዘንድሮ ሁለት ሺህ ዶላር አልፏል። ግድግዳው ላይ በአንድ ሚስማር የፓርኪንግ ሥራው ጃኬት ተሰቅሏል። የዓመታት ጢስ የጠጣ ጃኬት ነው፤ ሦስት ጊዜ ታጥቦም አልለቀቀም። ብሩክታይት ሽታውን ከልጅነቷ ስለለመደችው መኖሩንም መቅረቱንም አታውቅም። ጸጋዬ ግን ያውቃል። ሲጋራውን ከተወ ወዲህ ጃኬቱ ስለሚሸተው ፊቱን አዙሮ ይተኛል።

ዝም ያለበት ምክንያት ነበረው። ከአርባ ዓመት በላይ አጭሷል። አዲስ አበባ ታክሲ ሲነዳ ጀመረ፤ አሜሪካ ሲመጣም ይዞት መጣ። ብዙ ጊዜ አቁሟል፤ ባቆመ ቁጥርም ተናግሯል። ያዋረደው መናገሩ ነው። አንድ ፋሲካ ቤተ ዘመድ በተሰበሰበበት ቆሞ «ከዛሬ ጀምሮ በቃኝ» አለ። ታላቅ እህቱ ካሰች እልል አለች። ወንድሟ ከሲጋራ ከተላቀቀ ለሚካኤል ወርቀ ዘቦ ጃንጥላ ላስገባ ብላ ተስላ ነበርና ጃንጥላውን ከአዲስ አበባ በመንገደኛ አስመጣች። ንግሡ ደረሰ። በዚያ ጠዋት አንድ ዲያቆን ቆሻሻ ሊጥል ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ሲሄድ ጸጋዬን ከገንዳው ኋላ ነጠላውን ተከናንቦ ሲያጨስ አገኘው። ዲያቆኑ ለማንም አልነገርኩም ይላል። ቅዳሴው ሳያልቅ ያልሰማ አልነበረም። ካሰች ጃንጥላውን ይዛ ወደ ቤቷ ተመለሰች። አልተቆጣችም። ላስቲኩን ሳትፈታ ከቁም ሣጥኗ በር ኋላ አቆመችው፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ሲጋራ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ጸጋዬ ሊጠይቃት በሄደ ቁጥር ግን የቁም ሣጥኑ በር ገርበብ ብሎ የላስቲኩ ጫፍ ይታየዋል። ስለዚህ የመጨረሻውን ጊዜ ሲያቆም አፉን ዘግቶ አቆመ።

ነገሩን የጀመረው ፉአድ ነው። ፉአድ ፓርኪንጉ ውስጥ እሱን ተክቶ የማታውን ፈረቃ የሚሠራ ልጅ ነው። አንድ ቀን ጸጋዬ ሲስል ቆሞ አየውና፣ «ፋዘር፣ የእርስዎ ሳል እኮ የመኪና አላርም ያስነሳል» አለው። ሁለቱም ሳቁ፤ ጸጋዬ ሳቁ ራሱ ወደ ሳል ተለወጠበት። በማግስቱ ፉአድ ጣት የምታህል ቬፕ፣ በባትሪ የምትሠራ የእንፋሎት ሲጋራ፣ ይዞለት መጣ። ናና ናና የምትል ናት። «እኔም በዚችው ነው ከሲጋራ የወጣሁት። መድኃኒት ናት አልልዎትም። ግን እሳት የላትም» አለው። ጸጋዬ አላመነም። የመጀመሪያውን ሳምንት እንደ ሕፃን ጡጦ ስለመሰለችው በገዛ ራሱ አፈረ። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ግን ሲጋራ አልነካም። ፈሳሹን ሲገዛ ኒኮቲኑ አነስ አነስ ያለውን እየመረጠ ሄደ። ሐኪም ቤት ሲሄድ ነጯ ሐኪም የሳንባ መለኪያ አስነፋችውና ቁጥሩን ደግማ አየችው። በስልክ የምታስተረጉምለት ሴት ቃል በቃል ነገረችው፤ ሲጋራውን መተውህ ሳንባህን ጠቅሞታል፣ ይቺ ዕቃ ግን ጉዳት የላትም ማለት አይደለም፣ ቀስ በቀስ እሷንም ተዋት። ከዚያ አስተርጓሚዋ ከራሷ ጨምራ፣ «እንኳን ደስ ያለዎት አባቴ» አለችው። እስከዚያ ቀን ድረስ እንኳን ደስ ያለህ ያለው ሰው እሷ ብቻ ናት፤ ፊቷንም አያውቀው።

ቤት ውስጥ ግን መሻሉ ሁሉ ሕመም ተባለ። ብሩክታይት መኪናዋ ውስጥ ቬፗን ሲስብ አየችው፤ የናናው ሽታ እንደ ቪክስ ሸተታት፤ የአስም ኢንሄለር ነው አለች። አልጠየቀችውም። የታመመ ሰው ሕመሙን እስኪናገር አይጠየቅም ተብላ ነው ያደገች። ለኃይሉ ነገረች፣ ኃይሉ ለማኅበሩ ነገረ። ፊቱ ሲሞላ አበጠ ተባለ። ሌሊቱን ሳይስል ሲተኛ ትንፋሹ አለ የለም ብላ በሩ ላይ ጆሮዋን ታስደግፋለች። አንድ ቀን እራት ላይ «ወጡ ጨው በዝቶበታል» አለ። ዕድሜ ልኩን ወጥ ሳይቀምስ ጨው የሚነሰንስ ሰው ነበር። ብሩክታይት ማንኪያዋን አስቀመጠችና ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ከዚያ ተነስታ መኝታ ቤት ገባች። ስታለቅስ ሰማት።

ወደ አሌክሳንድሪያ የነዳችው እሷ ናት። ካሰችን ከቤቷ ይዘው ወደ ንግሡ ለመሄድ ነበር ያሰቡት። ቤልትዌዩ፣ ቀለበት መንገዱ፣ ቅዳሜ በመሆኑ አልተጨናነቀም፤ ዛፎቹ ቅጠላቸውን ጨርሰዋል። ብሩክታይት በእሱ በኩል ያለውን መስኮት ትንሽ ከፈተችለት።

«ይበርዳል» አለ።

«ለአንተ ብዬ ነው፣ አባዬ።»

ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ቬፗን ከኪሱ አወጣ። ብሩክታይት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ላለማየት ዓይኗን ወንዙ ላይ አሳረፈች። ጸጋዬ ይህን አየና ሳይስባት መልሶ ኪሱ ከተታት።

የካሰች ሕንፃ ሥር ኃይሉ ነጭ ለብሶ ቆሞ ስልክ ላይ ይጮሃል። በኤሌቬተሩ በር ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። ንጋት ላይ ቆሟል። ቢሮው ውስጥ ማንም የለም፤ መልስ የሚሰጠው ማሽን ሜንቴናንስ ሰኞ ይመጣል ይላል። ካሰች ስድስተኛ ፎቅ ናት። ሁለቱም ጉልበቷ ከታሰረ ቆይቷል፤ ከሶፋ ወደ መታጠቢያ ቤት የምትሄደው በከዘራ ነው። ኃይሉ በር የሚሞላ ትልቅ ሰው ነው፤ ግን መጋዘን ሲሠራ የወገቡ ዲስክ ወጥቶ ከባድ እንዳታነሳ ተብሏል።

«አንተ እዚህ ሶፋው ላይ ጠብቀን፣ አባዬ» አለች ብሩክታይት። «ስድስት ፎቅ ነው።»

ጸጋዬ ተቀመጠ። የደረጃው በር ሲዘጋ ተነሳ። ፓርኪንጉ ውስጥ በየቀኑ ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ በእግሩ ይወጣል፤ መጀመሪያ እያንዳንዱ ዙር ላይ የብረቱን መደገፊያ ይዞ ይቆም ነበር፣ ወደ መስከረም ግን ሳያስበው አንድ ጊዜ ጣሪያው ላይ ራሱን አገኘው። ያን ቀን ጣሪያው ላይ ብቻውን ሳቀ። አሁንም በራሱ ልክ ወጣ። ስድስተኛው ሲደርስ ኃይሉና ብሩክታይት የካሰችን በር መቃን ይዘው ያለከልካሉ። አልፏቸው ገባ።

ካሰች ከንጋት ጀምሮ ለብሳ ተቀምጣለች። ጥልፉ አረንጓዴ የሆነ ቀሚስ፣ አዲስ ነጠላ፣ ጥቁር ጫማ። ክፍሏ ጠባብና ንጹሕ ነው። ጠረጴዛው ላይ ከእሷ እጅ ያልወጣ ነገር የለም፤ ለበዓሉ ማታ የሚበላው ወጥ ድስቱ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የቁም ሣጥኑ በር እንደ ወትሮው ገርበብ ብሏል። ጸጋዬ ወደዚያ ላለማየት ሞከረ።

«እንግዲህ የዛሬ ዓመት ያድርሰን ነዋ፣ እማዬ» አለ ኃይሉ ትንፋሹን እየሰበሰበ።

«የዛሬ ዓመትን ለእኔ ማን ሰጠኝ?»

«ላይቭ ያስተላልፉታል እኮ። እዚሁ ቲቪው ላይ አገናኝልሻለሁ።»

«ታቦት በቲቪ አይነግሥም።»

«ፋየር ዲፓርትመንት ልደውል» አለች ብሩክታይት። «እነሱ በወንበር ያወርዱዎታል፣ እትዬ።»

«እሳት ሳይነሳ እሳት አጥፊ አልጠራም» አለች ካሰች። ከዚያ ዓይኗ ሞላ። የነጠላዋን ጫፍ ወደ ፊቷ አነሳች።

ጸጋዬ ጋቢውን ከትከሻው አወረደ። ሁለቴ አጥፎ ኃይሉን አስያዘው። ሶፋው ፊት ሄዶ ጀርባውን ለእህቱ ሰጥቶ በርከክ አለ።

«ነይ እታለም። ልዘልሽ።»

«አባዬ!» አለች ብሩክታይት። «ምን ሆነሃል? አንተ ራስህ እኮ…»

«እኔ ራሴ ምን?»

ኃይሉ ጫማውን አየ። ካሰች ብቻ ወንድሟን ከኋላው ትመለከታለች። በልጅነታቸው እናታቸው በቆሎ ስትኮተኩት ጡት የጣለውን ጸጋዬን ያዘለችው እሷ ነበረች፤ ወንዝ ስትወርድም፣ ወፍጮ ስትሄድም። ከዘራዋን ለብሩክታይት ሰጠች። «እሰሩኝ» አለች።

ኃይሉ ጋቢውን በቂጧ ሥር አሳልፎ በጸጋዬ ደረት ላይ አመሳቅሎ አሰረው፤ ሕፃን እንደሚታዘለው። ጸጋዬ የሶፋውን ክንድ ይዞ ተነሳ። ካሰች ከስታለች፤ ቢሆንም ሰው ናት። ጭኑ ነደደ። ትንፋሹ ግን ቦታው ላይ ነበረ። ኃይሉ ከፊቱ ወደ ኋላው እየተራመደ፣ ብሩክታይት ከኋላ የአክስቷን ወገብ ደግፋ፣ ወረዱ። የደረጃው ቤት ሲሚንቶ ሲሚንቶ፣ ትንሽም የሰው ምግብ ይሸታል፤ አራተኛው ፎቅ ላይ ሽንኩርት ተጠብሷል፣ ጸጋዬ ለየው። ካሰች መጀመሪያ አንገቷን ቀጥ አድርጋ ነበር። ቆይታ ጉንጯን ጀርባው ላይ ጣለች። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆመ።

«ደከመህ?» አለችው።

«ጉልበቴ ነው። ትንሽ ላሳርፈው።»

«ድመቷስ?»

ገባው። ሲጋራ ሲያጨስ ደረቱ ሌት ተቀን ያፏጭ ነበር፤ ካሰች «ደረትህ ውስጥ ድመት አሳድገሃል» ትለው ነበር።

«ሄደች» አለ።

«መቼ?»

«ከዳግማይ ትንሣኤ ወዲህ።»

ካሰች ጆሮዋን ከቀኝ ትከሻው ወደ ግራ አዛወረች። ከዚያ ወደ ታች፣ ከጎኑ።

«ሲጋራም አትሸትም» አለች። «ኢንሄለር ያዘ ያሉኝስ?»

«ኢንሄለር አይደለችም። የሲጋራ ዘመድ ናት። ጢስ የላትም እንጂ ሱሱ አለባት። እየቀነስኩ ነው። ዋሽቼሽ አላውቅም ባልልም ዛሬ አልዋሽሽም።»

ብሩክታይት እግሯ ደረጃው ላይ ቀረ። «ሲጋራ አቁመሃል?» አለች። «አባዬ፣ ሳል የሌለህ ለዚያ ነው? እኔ እኮ…»

«ዝም በይ፣ ልስማበት!» አለቻት ካሰች። ዓይኗን ጨፍና እንደ ሐኪም አዳመጠች። ጸጋዬ በረጅሙ ተነፈሰላት። ከዚያ ሕንፃው እስኪያስተጋባ ድረስ ተጣራች።

«ኃይሉ!»

«አቤት፣ እማዬ!»

«ውጣና ጃንጥላዬን አምጣ።»

«ዝናብ የለም እኮ።»

«የሚካኤልን ጃንጥላ ነው የምልህ፣ አንተ ከንቱ!»

ኃይሉ እናቱን አየ፣ አጎቱን አየ፣ ከዚያ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየረገጠ ወጣ። ጸጋዬ አልጠበቀውም፤ እህቱን አዝሎ እስከ ታች ወረደ። የመጨረሻዎቹ ደረጃዎች ላይ ጭኑ ተንቀጥቅጧል፣ ሸሚዙም በላብ ርሷል። ሎቢው ሶፋ ላይ ሲያስቀምጣት ግን አፉ ዝግ ነበር፤ በአፍንጫው ነው የሚተነፍሰው። ኃይሉ ጃንጥላውን በላስቲኩ እንዳለ በክንዱ ይዞ ዘግይቶ ደረሰ። ግድግዳውን ተደግፎ መናገር አቃተው።

ጸጋዬ ጋቢውን ከደረቱ እየፈታ፣ «ኃይሉ» አለው። «ላይፍ ኢንሹራንስ አለህ አይደል?»

ብሩክታይት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ኃይሉ ጆሮው ድረስ ቀላ። ካሰች ምን እንደተባለ ሳይገባት እነሱ ሲስቁ አይታ ሳቀች።

ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሲደርሱ ሕዝቡ ጎዳናውን ሞልቷል። የማኅበሩ ልጆች ጸጋዬን ሲያዩ ሮጠው መጡ፤ ሁለቱ በብብቱ ሊገቡ፣ አንዱ ጋቢውን ሊይዝለት። በሩ አጠገብ፣ አየር የሚያገኝበት ቦታ ወንበሩ ተዘጋጅቷል። «ይቀመጡ ጋሼ፣ አይቁሙ» አሉት። ጸጋዬ አመሰገናቸውና ካሰችን አስቀመጠበት። ካሰች ላስቲኩን በጥርሷ ቀደደችው። ጃንጥላው ሲዘረጋ ለዓመታት በጨለማ የተቀመጠ አይመስልም፤ ዘርፉ ሁሉ ከፀሐዩ ጋር ተንቀጠቀጠ። ያ ዲያቆን አሁን ቄስ ሆኗል። ሊረከባት ሲመጣ ጸጋዬን አየና ቆም አለ።

«ስለቱ የማን ነው፣ እናቴ?»

«የእኔ ነው» አለች ካሰች። «የተሳልኩት ለእሱ ነው። ደርሶልኛል። ካላመኑኝ ጆሮዎን ጀርባው ላይ ያኑሩት።»

ቄሱ አላኖረም፤ ፈገግ ብሎ መስቀሉን አሳለማቸው። ካሰች እልል አለች። ከአጠገቧ ያሉት ሴቶች ለምን እንደሆነ ሳያውቁ ተቀበሏት፤ ከእነሱ ወዲያ ያሉት ደግሞ ከእነሱ ተቀበሉ። ታቦቱ ሲወጣ ጃንጥላው ከሌሎቹ መካከል ከፍ ብሎ ሄደ። ጸጋዬ ቆሞ ሸኘው፤ እስከ መጨረሻው ቆሞ። አፉን ከፍቶም ከሕዝቡ ጋር ዘመረ። ድምፁ ሻካራ ነው፣ ግን ስንኙ መሀል አልተቆረጠም። ሲበተኑ ልጆቹ የሚታጠፉትን ወንበሮች ይሰበስባሉ። ሁለቱን በአንድ እጁ፣ ሁለቱን በሌላው አንስቶ ወደ መጋዘኑ ወሰደ። አንዱ ልጅ «ጋሼ፣ ተዉ» ሊል አፉን ከፈተና ዘጋው።

ማምሻውን ኤሌቬተሩ እንደቆመ ነው። ኃይሉ ጋቢውን አጠፈ፣ ብሩክታይት ከዘራውን ተቀበለች። መውጣቱ ከመውረዱ ይከፋል። ጸጋዬ በየፎቁ አረፈ፤ አራተኛው ላይ ብሩክታይት «አባዬ፣ ይበቃል፣ እንቀያየር» አለች፣ በማን እንደሚቀያየር ሳታውቅ። ስድስተኛው ላይ እህቱን ሶፋዋ ላይ አውርዶ መስኮቱ አጠገብ ቆመ። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ አያፏጭም። እጁ በልማድ ኪሱ ገባና ቬፗን አወጣት። ሁሉም አዩት። ካሰች እጇን ዘረጋች። ተቀብላ አገላበጠቻት፣ አሸተተቻት።

«ናና ነው?»

«ናና ነው።»

«ጃንጥላው የሲጋራው ነበር» አለች። «ለዚች ለትንሿ ጧፍ እሳላለሁ። ይበቃታል።» መልሳ ሰጠችው። ጸጋዬ ሳይስባት ኪሱ ከተታት።

ድስቱ ተከፈተ፣ ማዕዱ ቀረበ። ጸጋዬ አንድ ጉርሻ ጎርሶ አላመጠ።

«ጨው በዝቶበታል» አለ።

ብሩክታይት ቀመሰች። ኃይሉም ቀመሰ። ካሰች ቀምሳ አንገቷን ነቀነቀች።

«በዝቷል» አለች። «ኤሌቬተሩ ቆመ ሲሉኝ ደንግጬ ሁለቴ ጨምሬበት ነው።»